አራተኛው ቀዳዳ

ሰሞኑን ከቀሐ ወንዝ ውኃ ቀድቼ ስመለስ የተቃጠለ ሸምበቆ ሸተተኝ። አንድ ሰው ከግንቡ ጥግ ተቀምጦ በፍም የጋለ ሚስማር ሸምበቆው ላይ ይተክላል፤ ቀጭን ጭስ ብድግ ይላል፤ እፍ ይልበታል። ዋሽንት እየሠራ ነበር። እንስራዬን እንዳዘልሁ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ የአያ ካሴ ሽታ ነው።

አያ ካሴ የጎረቤታችን ተከራይ ነበር። አገሩ ጭልጋ፣ ከአይከል ወዲያ ነው፤ ቅማንት ነው። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ ግን ገና አራተኛ ክፍል ነበርሁና አያ እለው ነበር። ቀን ቀን ጣሊያን ትቶት በሄደው ጋራዥ ማኪና ያጥባል፤ ሲመለስ ከአጥራችን ሥር ተቀምጦ ዋሽንቱን ይነፋል። ካኪ ኮቱ ናፍጣ ይሸታል፤ እጁ ግን የሸምበቆ ጭስ።

ሁለት ጓደኞች ነበሩት፤ መሲንቆ መቺው ብሬ ከወገራ፣ ከበሮ መቺው ሐጎስ ከጠለምት። ሦስቱ የየአገራቸውን ዘፈን በአንድ ምት ያገጣጥሙት ነበር። የብሬ አማርኛ ሳያልቅ የሐጎስ ትግርኛ ይነሣል፤ እሱን ደግሞ የአያ ካሴ የቅማንት ዘፈን ይቀበለዋል።

«ያንተ ዋሽንት ላሟን ይጠራል፤ የኔ መሲንቆ ባለላሟን» ይለዋል ብሬ።

«ባለላሟስ ላሟን ተከትላ እኔው ዘንድ ነው የምትመጣ» ይላል አያ ካሴ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ አፌን በነጠላዬ ይዤ እስቃለሁ።

ያን ዓመት ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ከተማው ኖራ ይቀባ ጀመር። ሦስቱም እንግዶቹ ፊት ለመጫወት ቋመጡ። አያ ካሴማ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ዘፈናችን በሠርግና በአረም ብቻ ነው የሚሰማ። አሁን ግን ከብሬና ከሐጎስ እኩል ቆሞ ይሰማል። አገሩ ስንት አፍ እንዳለው ይወቁ» ይል ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ግን የየዘፈኑን ቃል በአማርኛ አስጽፋችሁ አምጡ፤ አስቀድመን እንሰማለን አለ። ከሦስቱ ፊደል የቆጠረ አልነበረም። የኔ አባት መሪጌታ ነው፤ እጄን በመቃ ብዕር የገራው እሱ ነው። እናም ጸሐፊዋ እኔ ሆንሁ።

የአያ ካሴ ዘፈን ዳጉሳ ሲታረም የሚዘፈን ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ትርጉሙን ነገረኝ። «ሰማይ ያለኸው፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ቆመን ለመንንህ፤ ዝናቡን ሰጠኸን።»

ብዕሬ ቆመ። ደብተሬን አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ያየዋል። ዛፍ ሥር መለመን በእኛ ቤት በመልካም የሚነሣ ነገር አልነበረም።

«ምነው ቆምሽ፣ ጸሐፊዬ?»

«ምንም» አልሁና ጻፍሁ። የጻፍሁት ግን «ከማርያም ደጅ ቆመን ለመንንሽ፤ ዝናቡን ሰጠሽን» የሚል ነው። ለእንግዶቹም ይኸ ይሻላል ብዬ ልቤን አሳመንሁት። አያ ካሴ ከደብተሬ የገለበጥሁለትን ወረቀት ተቀብሎ እንደ ሥዕል አየው። «ሸጋ ነው! ፊደልሽ እንደ ጤፍ ልቅም ያለ ነው» አለኝ። ደስ ብሎት ለእኔ ዋሽንት መሥራት ጀመረ። ሦስት ቀዳዳ በሳና አቆመ። «አራተኛው ዘፈኑ የሚያርፍበት ነው። እንግዶቹ ፊት የነፋን ዕለት እበሳልሻለሁ።»

ዘፈኑ አስቀድሞ የሚሰማ ዕለት እኛም ልጆቹ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ገባን። ሲጫወቱ ሹሙ በጫማው ምቱን ይከተል ነበር። ሲጨርሱ የኔን ወረቀት አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። ከበሩ የቆመው ዘበኛ የጭልጋ ሰው ኖሮ ሳቀ።

«ጌታዬ፣ ዘፈኑ ውስጥ ማርያም የለችም። ዛፍ ነው ያለው።»

ሹሙ ፊቱ ጠቆረ። «በእመቤታችን ስም ልታታልለን ነው? ማነው ይኸን የጻፈልህ?»

አያ ካሴ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ምን እንዳደረግሁ የገባው ያን ጊዜ ነው። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ መሬት መሬት አየሁ።

«ቃሉን የሰጠሁ እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው የቅማንቱ ይቅር። ሁለቱ ይበቃሉ።»

«ጌታዬ» አለ ብሬ፣ «ከሦስት ጉልቻ አንዱ ሲነሣ ድስቱ በምን ይቆማል?»

«ከተናገርህ አንተም ትቀራለህ!» ሲለው ብሬ አቀረቀረ።

በማግሥቱ አያ ካሴ ጓዙን በአንሶላ ቋጥሮ የአይከሉን ማኪና ሊሳፈር ወጣ። እኔ ከበራችን ቆሜ ነበር። ያልጨረሰውን ዋሽንት እጄ ላይ አኖረና «ጸሐፊዬ፣ የኛ ዛፍ ምን አጠፋ?» አለኝ። ቢሰድበኝ በወደድሁ። ዳግመኛ አላየሁት።

እንግዶቹ መጡ፤ ብሬና ሐጎስ ተጫወቱ። የአያ ካሴ ዘፈን ይገባበት ከነበረው ቦታ ሲደርሱ የብሬ ደጋን ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የጎደለውን በምን ይወቁት።

አባቴ ይኸን ነገር እስከ ዛሬ አልሰማም። ያ የዛፉ ቃል አሁን ደብተሬ ላይ እንደተነገረኝ ጽፌዋለሁ፤ ማንም ግን አምጪው አላለኝም። ዋሽንቱን ከሣጥኔ አውጥቼ ከግንቡ ጥግ ላየሁት ዋሽንት ሠሪ ወሰድሁለት። አገላብጦ አየና «አራተኛውን ልብሳልሽ?» አለኝ። ሚስማሩ ፍሙ ውስጥ ቀልቶ ነበር።

«ተወው» አልሁት።

ሰው በሌለበት አንዳንዴ እነፋዋለሁ። ዜማው ሸጋ ሆኖ ይሄድ ይሄድና ማረፍ ካለበት ቦታ ሲደርስ ጣቴ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ድፍን ሸምበቆ ነው።