ገመቹ የሚጨርሰው ፊልም

ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ ከጎናችን ያለው ሱቅ ጄኔሬተሩን አስነሳና የቤንዚኑ ሽታ በመስኮት ገባ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን ይሄን ሁሉ ዕድሜ ቆጥሬም፣ ቡራዩ ገና ጭቃና ባሕር ዛፍ በነበረችበት ጊዜ አባቴ ግቢያችን ውስጥ ከፍቶ በጄኔሬተር ያሠራው የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው ትዝ የሚለኝ፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ፣ አግዳሚው የሚወዛወዝ፣ እርጥብ ካፖርትና የተቆላ ሽምብራ የሚሸት ጨለማ ክፍል።

ካሴቶቻችን ጥቂት ስለነበሩ አንዱን ፊልም ሰፈሩ በቃሉ ያውቀው ነበር። በጦርነት ጊዜ ለውትድርና ስለተመለመለ ጎረምሳ የተሠራ የፈረንጅ ኮሜዲ ነው፤ የብረት ቆቡ ዓይኑን ይጋርደዋል፣ ግራ ሲባል ቀኝ ይዞራል፣ አሥር አለቃው የአንገቱ ደም ሥር እስኪገተር ይጮህበታል። ያኔ ፊልም ያለ አስተርጓሚ አይታይም፤ የእኛ አስተርጓሚ ደግሞ ቀን ቀን ብየዳ ቤት የሚሠራው ጎረቤታችን ገመቹ ነበር። እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም፣ ግን ማን ጠይቆት! ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ አሥር አለቃውን እንደ ጫንጮ የከብት ደላላ በአማርኛ አስጀምሮ በኦሮምኛ ሲያስለፈልፈው ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

የካሴቱን መጨረሻ ማጫወቻው ዴክ በልቶታል። ምልምሎቹ ወደ ግንባር ሊሄዱ መኪና ላይ ሲሳፈሩ ምስሉ ይጠፋና ቴሌቪዥኑ ሽሽሽ ይላል፤ የቀረውን ገመቹ በአፉ ይጨርሰዋል። ልጁ ደህና ይመለሳል፣ እናቱ ደጅ ወጥታ ትቀበለዋለች፣ በግ ይታረዳል። ይህ ሳይነገር ማንም ከአግዳሚው አይነሳም።

ከዚያ የእኛም ጦርነት መጣና ገመቹ ተመዘገበ። ዘማቾቹን የጫነው መኪና ሲነሳ ከላይ ሆኖ፣ እንደ ፊልሙ ልጅ፣ በግራ እጁ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠን። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ወራት አልፈው ወሬው ሲጠፋ፣ ቪዲዮ ቤት ረግጠው የማያውቁት እናቱ አዴ ወርቅነሽ አንድ ከሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ልጃቸው የገባበትን ሥልጠና በዓይናቸው ሊያዩ። አባቴ ከፊት አስቀመጣቸው። ምልምሉ ጭቃ ውስጥ በተደፋ ቁጥር «ውይ ልጄን» ይላሉ፤ ከኋላ የሚስቅ ጠፋ። መኪናው መጣ፣ ምልምሎቹ ተሳፈሩ፣ ቴሌቪዥኑ ሽሽሽ አለ።

«ጉርባን ሱን ገሌ?» አሉ ወደ አባቴ ዞረው። «ኦቦ ደረጀ፣ ያ ልጅ ቤቱ ገባ ወይ?»

አባቴ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ካሴቱን አወጣ፣ አገላበጠ፣ መልሶ ከተተ።

«ገብቷል፣ አዴ» አለ በመጨረሻ። «በግም ታርዶለታል።»

በነጋታው አዴ ወርቅነሽ ደጃቸው ላይ በግ አሰሩ። ፋሲካ መጥቶ ሄደ፣ ገዢ መጥቶ ሄደ፤ በጉ ሰባ፣ ከዚያ አረጀ፣ ጥርሱ ረገፈ፣ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሣር እየጣልንለት እናልፋለን። ለሴትየዋ ምን ይባላል? አባቴ በዚያ ደጅ ማለፍ ትቶ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመረ። ገመቹ አልመጣም። በጉ ሞተ፤ ቆይተው አዴ ወርቅነሽም አረፉ።

ትናንት መብራቱ እስኪመጣ ስለዚያ ፊልም ሳወራለት ልጄ ከስልኩ ፈልጎ «እማ፣ ይኸው ሙሉው» ብሎ ሰጠኝ። እስከ መጨረሻው አየሁት። ጎረምሳው ይመለሳል። እናቱ ልብስ እያሰጣች ነው፤ ስታየው አንሶላው ከእጇ ይወድቃል። ለካ ገመቹ ከራሱ የጨመረው በጉን ብቻ ኖሯል። የአዴ ወርቅነሽ ደጅ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ነው፤ «እውነትም ገብቷል፣ አዴ» ለማለት እንኳ የማንን በር ላንኳኳ?