ሙዱላ ገበያ መሃል ስሙን ጠራሁት

ሆሳዕና፣ ከመነሳታችን በፊት

ዜናውን የሰማሁት ልብስ እያጠብኩ ነው። የትምህርት ቤታችን የበጎ ፈቃድ ክበብ አስተባባሪ ቲቸር አስቴር ደውለው፣ "ምህረት፣ ወደ ሙዱላ የሚሄደውን ቡድን የምትመሪው አንቺ ነሽ" አሉኝ። ስልኩን በሳሙና እጄ እንደያዝኩ ጮህኩ። ጎረቤቶች እሳት የተነሳ መስሏቸው ወጡ። ተነስቷል እንጂ! ክበባችን ከተመሠረተ ጀምሮ ከከተማ የወጣ ቡድን ሁሉ መሪው ወንድ ነበር። እኛ ሴቶቹ ስንቅ እንቋጥራለን፣ ፎቶ ላይ ከፊት እንቆማለን፣ በቃ።

ማታ አጎቴ መጣ። "ሴት ልጅ ቡድን እየመራች እስከ ጠምባሮ ድረስ? ወንዶቹ ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆኑም፣ አጎቴ። ይከተሉኛል።"

አባቴ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። እናቴ ግን አልሸፈነችም።

የምንሄድበት ጉዳይ ይህ ነው። ከጠምባሮዋ ከተማ ከሙዱላ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች የወር አበባቸው ሲመጣ የሚታጠቡበትና የሚቀይሩበት ቦታ ስለሌላቸው ቤት ይቀራሉ። ወላጆች ተረዳድተው የጭቃ ክፍል ሠርተውላቸዋል፤ ጣሪያ ግን የለውም። ክረምቱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። ዝናቡ ከጣሪያው ከቀደመ ግድግዳው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የእኛ ሥራ በገበያ ቀን ጨረታ አውጥተን ቆርቆሮ ማሰባሰብ ነው። በእኛ አገር ጨረታ ሲባል አንድ ዶሮ ወይም አንድ ዳቦ ይቀርባል፤ ያሸነፈው ሰው ከፍሎ ዕቃውን ይመልሳል፤ እንደገና ይሸጣል። እኛ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርንበት፦ የሚጠራው ብር ሳይሆን ቆርቆሮ ይሁን አልን።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ

ዓርብ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ ሰልፉ እስከ በሩ ተዘርግቷል። ነዳጅ ጠፍቷል ተብሎ ከታሪፉ በላይ ይጠየቃል። ቲቸር አስቴር፣ እኔ፣ የክፍሌ ልጅ ታምራትና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ሆነን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ዶሮውን የሚይዘው ታምራት እንዲሆን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ትእዛዜ ነበር፤ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ታምራት ጭን ላይ ያለውን ዶሮ አይቶ ቆመ። "ለዶሮው ይከፈላል።"

"ወንበር ይዟል?" አለ ታምራት።

"ነፍስ ይዟል።"

"ነፍስ ከያዘማ ተማሪ ነው፣ በግማሽ ይሂድልን!"

ሰዉ ሳቀ፣ ረዳቱም ሳቀ፣ ግን ሃያ ብር ተቀበለ።

አንጋጫን አልፈን የአምበርቾ ተራራ ከደመናው ግማሽ አካሉን ሲያወጣ መስኮቱን ከፈትኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የእንሰት ጓሮ ነው፤ ከኋላው ቤቶቹ ተሸሽገዋል። ዱራሜ ላይ ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን። አስተናጋጇ በከምባትኛ አናገረችኝ፤ እኔ የማውቀው ሀዲይኛ ስለሆነ በአማርኛ መለስኩላት። "ሆሳዕናዎች ናችሁ? ዶሮ ይዛችሁ መጥታችሁ ጎመን ትበላላችሁ?" ብላ ሳቀችብን።

ሀደሮ

ሀደሮ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ከተማው ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል፤ በየደጁ ሸራ ላይ ተሰጥቷል። የሙዱላው መኪና እስኪሞላ ድረስ ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ጠጣን። ቲቸር አስቴር እዚያ ተቀምጠው አንድ ነገር ነገሩኝ። "እኔ የምናገረው የምትጠይቂኝ ከሆነ ብቻ ነው። ነገ ውሳኔው ያንቺ ነው" አሉኝ። ሻዩ ድንገት አቃጠለኝ።

ሙዱላ፣ የመጀመሪያው ምሽት

ያደርነው በዚያው ትምህርት ቤት ከምትማረው ከብርሃኔ ቤት ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ቁጥብ። አባቷ ሳይጸልዩ ማንም እራት አይነካም። ሳይመሽ በባጃጅ ወስዳ ክፍሉን አሳየችን። ግድግዳው በደንብ ተለስኗል፣ በር ተገጥሞለታል፤ ቀና ስትሉ ሰማይ ነው። ታምራት ወደ ላይ እያየ፣ "ይሄ እኮ የቀረው ኮፍያው ብቻ ነው" አለ።

ብርሃኔ ግን አልሳቀችም። "እኔ በየወሩ ቤት እቀራለሁ። ሒሳብ ደግሞ አይጠብቀኝም፣ ትቶኝ ይሄዳል። ዘንድሮ ክልላዊ ፈተና አለብኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዶሮውም ቆርቆሮውም ለእኔ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

የገበያ ቀን

ጨረታውን ሊመራልን ቃል የገባው ጋሽ ኤርሲዶ ነው። በቤተ ክርስቲያንም በእድርም ጨረታ ሲኖር እሱ ነው የሚጠራው፤ ድምፁ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ሜጋፎኑን በጠዋት አንግቶ መጣና፣ "ለምን ሥራ ነው ልበል?" አለኝ።

ነገርኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

"ልጄ፣ እሱማ ገበያ መሃል አይጠራም። እናቶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ። የትምህርት ቤት መጋዘን ነው እንበልና ቆርቆሮው ይምጣ። ከመጣ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊበት።"

ታምራትም፣ "እውነቱን ነው ምህረት። ቆርቆሮ እንደሆነ ስም አይጠይቅም" አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ከኋላዬ ብርሃኔ በዝግታ፣ "መጋዘን ብላችሁ ከጠራችሁት መጋዘን ይሆናል" አለች።

ዞርኩ። ቀጠለች። "በእኛ ዘንድ ጨረታ ላይ የተሰጠ ነገር ለተጠራለት ሥራ ነው የሚውለው። ለሌላ ላውለው ያለ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። እህቴ የምትማርበት ቦታም ለሴቶች ክፍል ተሠርቶ ነበር፤ አፍረው 'ተጨማሪ ክፍል' ብለው ጠሩት። አሁን የተሰበረ ወንበር ሞልቶበታል። እህቴ ብትጠይቅ፣ 'ሕዝቡ የሰጠው ለዚህ ነው ያለው ማነው?' አሏት።"

ቲቸር አስቴርን አየኋቸው። እሳቸው ዶሮውን ያዩ ነበር።

"ጋሽ ኤርሲዶ፣ መጋዘን አልልም" አልኩ።

"እንግዲያው እኔም አልጠራም" አለና ሜጋፎኑን እጄ ላይ አስቀምጦ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣሁ። ዶሮው ታምራት እጅ ላይ ይንፈራገጣል።

"ይህ አውራ ዶሮ የሚሸጠው በቆርቆሮ ነው! ቆርቆሮው የሚውለው ለሴት ተማሪዎች ክፍል ጣሪያ ነው! የወር አበባቸው ሲመጣ ለሚታጠቡበትና ለሚቀይሩበት ክፍል!"

ገበያ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በርበሬ የሚሰፍረው ሰው ጣሳውን አየር ላይ እንዳነሳ ቀረ። አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ከመሃል አንድ ጎልማሳ፣ "ወይ ጉድ! ይቺ ልጅ እናት የላትም እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"አለችኝ ጋሼ! ይሄ ባይኖራት ኖሮ አልወለደችኝም ነበር! እርስዎንም የወለዱዎት እንዲሁ ነው!"

መጀመሪያ የሳቁት ቅቤ ሻጮቹ ናቸው። ሳቁ ከእነሱ ተነስቶ ወደ ቆጮ ተራ፣ ከዚያ ወደ ዝንጅብል ተራ ሄደ። ከቅቤ ሻጮቹ አንዷ አሮጊት በአገሩ ቋንቋ አንድ ነገር ብለው፣ ቀጥለው በአማርኛ፣ "ሁለት ቆርቆሮ በእኔ! ዶሮውን መልሰሽ ሽጪው!" አሉ።

"ሴት በቆርቆሮ ትበልጠኛለች?" አለ አንድ የዝንጅብል ነጋዴ። "ሦስት!"

"አፍህ ነው ወይስ ኪስህ?" አሉት አሮጊቷ። "አራት!"

ዶሮው ተሸጠ፣ ተመለሰ፣ ተሸጠ። እኔ ግን ቶሎ ቶሎ "ሦስት ጊዜ!" እያልኩ እዘጋዋለሁ። ጋሽ ኤርሲዶ ጥላው ሥር መቀመጥ አቃተው፤ እየተንቆራጠጠ መጣ።

"እንዲህ አይጠራም! ሁለት ጊዜ ካልሽ በኋላ ዝም በይ፣ ይጨነቁ! ቆርቆሮውን እያባረርሽው እኮ ነው! ወዲህ በይው!"

ሜጋፎኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። "ስሙን ይጠራሉ?"

ገበያው ያየናል። ጋሽ ኤርሲዶ ላቡን ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቅቤ ተራውን ሰረቅ አድርጎ አየ። "እሺ፣ ወዲህ በይው።" ሰጠሁት።

"ለሴት ልጆቻችን..." አለና ቆመ። "ለሴት ልጆቻችን የወር አበባ ክፍል! አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!" ከዚያ ዝም አለ፣ ልክ እንዳለው፣ እነሱ እስኪጨነቁ። አቤት ያ ዝምታ ያመጣው ቆርቆሮ! እናት የላትም ወይ ያለው ሰውዬ አንድ ሚስማር እንኳ አልሰጠም፤ አይስጥ። በመጨረሻ ዶሮውን አሮጊቷ አሸንፈው በብብታቸው ይዘውት ሄዱ።

መልስ

የተጠራው ቆርቆሮ በማግስቱ በጋሪ እየተጫነ መጣ። ከጣሪያው አንዱ ጎን ሙሉ በሙሉ ለበሰ፤ ሌላው ጎን ግን ገና ሰማይ ያያል። ብርሃኔ ስትሸኘን፣ "ከዝናቡ በፊት፣ አይደል?" አለችኝ። "ከዝናቡ በፊት" አልኳት። ቃል ነው።

ሆሳዕና ስንገባ አቧራ ለብሰናል፣ ድምፄም ተዘግቷል። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ አጎቴ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ። "ያንን ነገር ገበያ መሃል ጮክ ብለሽ ጠራሽው አሉ?"

"ጠራሁት። ሰማይም አልወደቀም፣ አጎቴ።"

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ያፈርንበትን ነገር በሌላ ስም ስንጠራው፣ ያ ሌላው ስም መጥቶ ይወስደዋል። ስሙ የተጠራ ነገር ግን ባለቤት አለው።

ለቀረው የጣሪያ ጎን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤታችን ግቢ ጨረታ እናወጣለን። ጋሽ ኤርሲዶም ከሙዱላ ይመጣል። የሆሳዕና፣ የሆመቾ፣ የዱራሜ ሰዎች ሁላችሁም ኑ፤ አባቶችና ወንድሞች፣ እናንተ በተለይ ኑ። መግቢያው ነጻ ነው። አንድ ደንብ ብቻ አለን፦ ቆርቆሮ የሚሰጥ ሰው ለምን እንደሚሰጥ ጮክ ብሎ ይናገራል። በሹክሹክታ የመጣ ቆርቆሮ አንቀበልም።