እንቁራሪት ሳገላግል

በሰባዎቹ አጋማሽ ጂንካ ስመደብ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ለክብሬ ብዬ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው የሚገባኝን ያህል እንዲያሳፍረኝ ነው።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው የአሪ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸውን አስፈቅጄ ጓሮ ውስጥ ጎመን የማጠጣበት ትንሽ ኩሬ ቆፈርኩ። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ኩሬው ሞላ። ከየት እንደመጡ ሳላውቅ እንቁራሪቶችም ሞሉት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ፣ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት በአንዲት ትልቅ እንቁራሪት ጀርባ ላይ ወጥታ ብብቷን ጨምድዳ ይዛታለች። ከጎናቸው ሌሎች ሁለት፣ ከዚያ ወዲያም ሌሎች፣ እንደዚያው። የታችኞቹ ዓይናቸው ፈጧል። አንጀቴን በሉት። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁና አላቅቃቸው ጀመር። አንዱን እጅ ሳስለቅቅ ሌላው ይጣበቃል። እንደምንም እያላቀቅሁ፣ ጥፋተኛ ያልኳቸውን ትንንሾቹን ባልዲ ውስጥ አጎርኩና በሰፌድ ከደንኳቸው።

እትዬ ከቤት ወጡ።

«መምህር፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ተጣልተው ነው እትዬ። ሊገዳደሉ ነው፤ እያገላገልኩ ነው።»

ሰፌዱን ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ እስከ ጉልበቴ ጭቃ የሆንኩትን እኔን አዩ።

«ሚስት የለህም፣ አይደል?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ከየት ታውቃለህ! ይሄ ጠብ አይደለም። እነዚህ ወንዶቹ ናቸው። በል መልሳቸው፣ ሴቶቹ እየጠበቁ ነው።»

እኔ የማውቃት እንቁራሪት በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ብቻዋን በጀርባዋ የተንጋለለችው ነበረች። ስለ መራባቷ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ተመስግኜበታለሁ። ባልዲውን ገለበጥኩት። ወንዶቹ ምንም ሳይቀየሙ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እትዬ አጥሩን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እሑድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሰኞ ክፍል ገብቼ ጠመኔ ሳነሳ፣ ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እንቁራሪት ሲጣላ ማን ነው የሚያስታርቀው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ግን እኔንም ሳቅ አሸነፈኝ። ሁሉንም ነገርኳቸውና ተያይዘን ወደ ግቢያችን ሄድን።

ኩሬው ዳር ላይ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ፣ መሐሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው እንቁላል ተንሳፍፏል። ላስረዳ ስጀምር እትዬ ቀደሙኝ። የትኛው ጩኸት የወንድ እንደሆነ፣ እንቁላሉ በስንት ቀን ጭራ እንደሚያወጣ፣ ጭራው መቼ እንደሚጠፋ፣ ለልጆቹ በአሪኛ፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ ቀስ እያሉ አስረዱ። እኔ ከአንዱ ልጅ እስክሪብቶ ተውሼ፣ ከኋላ ቆሜ ጻፍኩ።