«ማንን ነው ያሉት?»

ያስገቡኝ ክፍል የሰሊጥ መጋዘን የነበረ ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለው። በሩ ገና ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ወለሉ ላይ የቀረ የሰሊጥ ፍሬ ነበር፤ ጋደም ስል ጉንጬ ላይ ይለጠፋል። የእኔው ሰሊጥ ደግሞ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወዲያ ማሳው ላይ ደርሶ አጫጅ ይጠብቅ ነበር።

ጥፋቴ መሳቅ ነው። የወረዳው አስተዳዳሪ ባለበት አዳራሽ ሰብስበውን፣ እንደ ወጉ መርቀው ይክፈቱልን ብለው አንድ ሽማግሌ አስነሱ። ሽማግሌው ምርቃቱን ሲጨርሱ አንዲት የቆየች አባባል ጣል አድርገው ተቀመጡ። የቷ እንደሆነች አልነግራችሁም፤ አንድ ጊዜ በቅቶኛል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁና የእኔ ሳቅ ጎልቶ ተሰማ። ሁለታችንንም እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱን።

መርማሪው በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ማንን ነው ያሉት?»

«የቆየ አባባል ነው እኮ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን አሳቀህ? አስተዳዳሪውን ነው ያሉት በል፣ ዛሬውኑ ወደ ማሳህ ትሄዳለህ።»

ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ከዘገዩበት ፍሬው ይከፈትና መሬት ይበላዋል። ይህን መርማሪውም ያውቃል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር ሲረግፍ ይሰማኝ ነበር። አልዋሽም፣ የፈለገው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል።

ሽማግሌው ገባቸው። ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ልጄ፣ የፈለጉትን በላቸው» አሉኝ። «እኔ አርጅቻለሁ። ያንተ ልጆች ምን ይበላሉ?»

«እውነት አስተዳዳሪውን ነው ያሉት፣ አባቴ?»

«እኔስ ከአባቴ የሰማሁትን ነው ያልሁ። የሚመስለው ሰው ካለ እሱ ይወቅ።»

በማግስቱ መርማሪው ፊት ቆምሁ። «ወላጅ አባቴም ይሏት ነበር፤ ያኔም ስቄያለሁ። አሁንም ሽማግሌው ቢደግሟት እስቃለሁ» አልሁት። ወደ ቆርቆሮው መለሱኝ። ሽማግሌው አየር የምታስገባዋን የበሩን ስንጥቅ ለቀውልኝ ፈቀቅ አሉ።

በኋላ ሁለታችንንም ያለ አንዳች ቃል ሲለቁን፣ ማሳዬ ላይ የቆየኝ ፍሬው የረገፈ ባዶ አገዳ ነበር። ንዴቱ ዛሬም አልለቀቀኝም።

በቀደም ወደ ጎንደር ስሄድ መርማሪውን አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ አገኘሁት። ሾፌሩ በየመንደሩ እየቆመ ሲያስመርረን፣ ያችኑ አባባል ድምፁን ከፍ አድርጎ አላት። አፉ ላይ እንዴት እንዳማረችለት! መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ሲሰማ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ልውጥ አለ።

«ማንን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁትም።