በሐጃ ሉጥፊያ ደጅ የቆመው መኪና

ጀምበሬ ሳጃና በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለችው ክፍል ይኖር ነበር። የውሃ በርሜላችን አንድ፣ የልብስ ማስጫ ገመዳችንም አንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ከገመዱ ላይ አንስቶ ይለብስና፣ ማዕተቡን በአንገትጌው ሸፍኖ በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሮ ባሕሪ ይሄዳል። የሚነዳው የጭነት መኪና የሚያድረው እዚያ፣ በባለቤቱ በሀሰን ደጅ ነው። ከባሕሪ ወፍጮዎች ዱቄት ይጭናል፣ ኦምዱርማን ገበያ ያራግፋል። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው።

መኪናው ሰማያዊ ነው፤ በጎኑ ቢጫ አበባ ተሥሎበታል። ሀሰን ከፊት መስታወቱ ላይ መቁጠሪያቸውን ሰቅለውበታል። ጀምበሬ ግን የራሱን ምንም አልሰቀለም። «መኪናው የሰው ነው፣ እትዬ ሸዋዬ። የእኔ ትራሷ ብቻ ናት» ይለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ የሚያደርጋትን ትራስ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ከአሮጌ መጋረጃ።

የሰው መኪና የሚነዳ ሰው የባለቤቱን ውክልና መያዝ አለበት። እዚያ ተውኪል ይሉታል። ሀሰን ተውኪሉን ሊሰጡት ጠበቃ ዘንድ የወሰዱት ዕለት የሆነውን ጀምበሬ ሲያወራልን በሳቅ ይሞት ነበር። ጠበቃው ብዕሩን አንስቶ፣ «ይሄ ሰው ደሞዝተኛህ ነው ወይስ በኮንትራት የሚሠራ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወንድሜ ነው» አሉ ሀሰን።

«አይ ሀሰን፣ ለወንድም የሚሆን ግብር የለም። ደሞዝተኛ ከሆነ ግብሩን ቆርጠህ የምትከፍለው አንተ ነህ። ኮንትራት ከሆነ የድርሻውን ራሱ ይከፍላል።»

ጀምበሬ ደሞዝ አልነበረውም፤ ከየጉዞው ድርሻውን ነበር የሚወስደው። ስለዚህ ኮንትራት ተባለ። የመኪናው ግብርና ዘካው በሀሰን፣ የድርሻው ግብርና የትራፊክ ቅጣቱ በጀምበሬ ሆነ። ጠበቃው ማኅተሙን ከመታ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ፦ «ይሄ የሚሠራው ሁለታችሁም በሕይወት እስካላችሁ ድረስ ነው።» ሀሰን ሳቁና፣ «እንግዲህ ጀምበሬ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት።

ቀድመው የሞቱት እሳቸው ሆኑ። አንድ ጁምዓ ቀን ከመስጊድ መጥተው ጋደም እንዳሉ ልባቸው ቆመ። ጀምበሬ ቀብራቸው ላይ አፈር አልብሶ፣ ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን መኪናውን አላስነሳም።

እንደሱ ሹፌር የሆነው ስለሺ ግቢያችን ድረስ መጣ። እኔ ምስር እየለቀምኩ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ምን ሆነህ ነው የምትቀመጠው? ተውኪሉ ላይ እኮ ዓመቱ አላለቀም!»

«ሰውየው አልቀዋል።»

«ለፖሊሱ ማን ይነግረዋል? አንተ?»

«የመኪናው ፈቃድ በዚህ ወር መጨረሻ ይታደሳል። ለማሳደስ ግብሩ መከፈል አለበት። በማን ስም ልፈርም?»

«በሀሰን ስም ነዋ፣ እንደ ዱሮው! ጸሐፊው ገንዘቡን እንጂ ነፍሳቸውን አይጠይቅም!»

ጀምበሬ ሳቀ፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። «በሞተ ሰው ስም ፈርሜ ብያዝ ፎርጅድ ነው የሚሉት። ዓለምነህን ረሳኸው?»

ዓለምነህ ከእኛ በስተጀርባ ይኖር የነበረ ልጅ ነው። የሰው መኪና ያለ ወረቀት ሲነዳ ተይዞ ታሰረ፤ ከዚያም ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለት ነው፣ ነጥቀው በመተማ በኩል ሸኙት። ሚስቱ ዕቃውን ስትሸጥ ጀምበሬም እኔም አይተናል።

«እሺ፣ አንተ እዚህ ስትጸድቅ መኪናውን ይሸጡትና ታርፋለህ» አለው ስለሺ። ጀምበሬን ያሰጋውም ይኸው ነበር። ቢነዳ አገር ያጣል፤ ቢቆም እንጀራውን።

መፍትሔው ግልጽ ነበር። ወራሾቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ይረጋገጣሉ፤ ከዚያ ለጀምበሬ አዲስ ተውኪል ይጽፉለታል። የሀሰን ልጅ ኒዕማ ዝግጁ ነበረች። የቀሩት ሚስታቸው ሐጃ ሉጥፊያ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ዒዳ ላይ ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ነጭ ለብሳ ቤቷ ትቀመጣለች፤ ባዕድ ወንድ አያያትም። ስለዚህ ጀምበሬ ገብቶ ሊያነጋግራቸው አልቻለም።

«እትዬ ሸዋዬ፣ አንቺ ግቢልኝ» አለኝ።

የእኔ ዐረብኛ የገበያ ዐረብኛ ነው። ሰው ቤት ገብቼ ስለ ሕግ ማውራት ቀርቶ የሽንኩርት ዋጋ ስከራከርም ድምፄ አይወጣም። ግን እንዴት እምቢ እለዋለሁ? ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩት። እሱ በሩ ላይ ቀረ፤ የመኪናውን ቁልፍ መሐረብ ላይ አድርጎ ሰጠኝ።

ሐጃ ሉጥፊያ ጠባብ አልጋ ላይ ነጭ ቶብ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሁልጊዜ በሒና የምትጠቁር የእጃቸው ጣት ነጥታለች። ክፍሉ ሽቶ አይሸትም። ቁልፉን ከነመሐረቡ አጠገባቸው አኖርኩት።

«ይሄ ምንድን ነው? ጀምበሬ ሌላ ጌታ አገኘ?» አሉ።

«አላገኘም፣ ሐጃ። ተውኪሉ... ተውኪሉ ሞተ።»

«ወረቀትም ይሞታል?»

ኒዕማ ከበሩ ሥር ሆና፣ «አዎ፣ እማ፤ ከአባባ ጋር ሞተ። ፍርድ ቤት መሄድ አለብሽ አልኩሽ እኮ» አለች።

«በነጭ ልብሴ ገበያ ለገበያ? የሰፈሩ ሴት ምን ይላል? ሀሰን አፈሩ ሳይደርቅ መኪናውን ልታከራይ ወጣች ይበሉኝ?»

«ሼኩ ለችግር ከሆነ በቀን ወጥታ መግባት ትችላለች ብለዋል።»

«ሼኩ ጎረቤት የላቸውማ!»

ኒዕማ ሳቋን ዋጠች። ሐጃ ግን ቁልፉን ወደ እኔ ገፉት። «ውሰጂለት። ዒዳዬ እስኪያልቅ ይጠብቅ። ከሸጥኩት ግን እነግረዋለሁ።»

ያን «ከሸጥኩት» የሚለውን ለጀምበሬ ሳልነግረው ልቀር ነበር፤ ግን ፊቴን አይቶ አወጣጣኝ። በማግስቱ ባሕሪ ከወፍጮው በር ከሚቆሙት ወጣቶች ጋር ተሰልፎ ጆንያ መሸከም ጀመረ። እነሱ መንገደኞች ናቸው፤ ትንሽ ሠርተው ወደ ሌላ አገር የሚሻገሩ። ሲያዩት «ሹፌሩ፣ ማርሽ ቀይር!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ማታ ሲመለስ ፀጉሩ ዱቄት ብቻ ነው።

ግን ጠዋት ወደ ወፍጮው ከመሄዱ በፊት ሁልጊዜ በሀሰን ደጅ ያልፋል። በጨርቅ አቧራውን ይጠርጋል፤ ባትሪው እንዳይሞት ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት ያቆየዋል። ከዚያ ያጠፋዋል። ጎማው አንድ ክንድ አልተንቀሳቀሰም። ጎማው ሥር የሰፈር ድመት ወለደች፤ እሷንም እንዳይረብሽ ካርቶን አነጠፈላት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ኒዕማ ወደ ግቢያችን መጣች። «እማ አንቺን ትፈልግሻለች» አለችኝ። መኪናው መሸጡን ልሰማ ነው ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ።

ሐጃ ሉጥፊያ ነጭ ቶባቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው፣ ጫማቸውን አድርገው ቆመው አገኘኋቸው።

«እህቴ» አሉኝ፣ «ሀሰን በነበረ ጊዜ ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሽ ይገባል፣ ጥግ ላይ ክላክስ ይመታል፤ ከዚያ እኔ ሻዬን እጥዳለሁ። አሁን ይነሳና ይጠፋል። ይነሳና ይጠፋል። በየጠዋቱ ሀሰን እንደገና የሚሞት ነው የሚመስለኝ። ያላ፣ እንሂድ። አንቺ በዚህ ጎን፣ ኒዕማ በዚያ ጎን።»

ስንወጣ ጀምበሬ መኪናው አጠገብ ጨርቁን ይዞ ቆሟል። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ሐጃም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «በይው፣ በመኪናው ያድርሰን» አሉ፤ ለኒዕማ።

«በያቸው፣ አይቻልም፤ ተውኪል የለኝም» አለ ጀምበሬ፤ እሱም ለኒዕማ።

ሐጃ ሉጥፊያ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ይመስለኛል፤ በቶባቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው። በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ ሄድን፤ ሦስታችን ተጣብቀን። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት መጥረጊያዋን አቁማ አየችን። ሐጃ አንገታቸውን አልደፉም።

ፍርድ ቤቱ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ሁለተኛም ሄድን። ከዚያ ያው ጠበቃ ዘንድ አዲሱ ውል ተጻፈ። ጠበቃው፣ «ደሞዝተኛ ነው ወይስ ኮንትራት?» ሲል ሐጃ ሳያመነቱ «ኮንትራት» አሉ፤ «የመኪናውን ግብር እኔ፣ የራሱን እሱ። ቅጣትም ከመጣ እሱ።» ከሀሰን ይልቅ ጠንካራ ነበሩ። ግብሩ በስማቸው ተከፈለ፣ ፈቃዱም ታደሰ።

ጀምበሬ ሥራ በጀመረ ቀን እኔ ትራሷን አጥቤ ልሰጠው ባሕሪ ሄጄ ነበር። ድመቷን ከነልጆቿ ወደ ግድግዳው ጥግ አዛወራት። እኔ ወደ ሐጃ ገባሁ። ሞተሩ ሲነሳ ሐጃ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን። ማርሽ ገባ። ጎማው አሸዋውን ረገጠ። ጥግ ላይ ክላክስ ሰማን፤ ከዚያ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

ሐጃ ሉጥፊያ በመስኮቱ ሰማዩን አዩ።

«ኒዕማ፣ ሸራውን ይዟል? ደመና አለ እኮ። ደውይለት፣ ዱቄቱ እንዳይበሰብስብኝ።»