ቃሬዛው ሲያልፍ ዮጋ ላይ ነበርን

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ፊታችን ቆሙ። እኛ ሣር ላይ እግራችንን አጣጥፈን ትንፋሻችንን እያዳመጥን ነበር።

ያለሁት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የዮጋ ማረፊያ ነው። (እዚሁ አቅራቢያ፣ አማኑኤል ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ የጎጃምን አየር እንዴት እንደምስብ የሚያስተምረኝ ፍለጋ ከአዲስ አበባ መምጣቴን እናቴ አልሰማችም።)

ከፊት የያዙት ሽማግሌ «ልጆቼ፣ እስከ መኪና መንገዱ ተቀበሉን፤ ትከሻችን ዛለ» አሉ።

አሰልጣኛችን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። የዝምታ ሰዓት ነዋ!

በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው፣ ገበያ የሚሄድ እንኳ ቢሆን፣ ሸክሙን አውርዶ ትከሻውን ይሰጣል። እዚያ ከተቀመጥነው ሁሉ ይህን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቅር በሉን፤ ጸሎት ላይ መሆናችሁን አላወቅንም። በዚያው ለእሷም ጸልዩላት» ብለው አለፉ።

ስንጨርስ አሰልጣኟ ምን እንደተሰማን ጠየቀች። ሁሉም «ሰላም» አለ። እኔም «ሰላም» አልኩ።

መነሳት እያለባችሁ ተቀምጣችሁ የቀራችሁበት ቀን ካለ ጻፉልኝ። «አይዞህ» እንዳትሉኝ ብቻ። ዛሬ አይዞሽ መባል የነበረባት ሌላ ሰው ናት።