ብረት ውስጥ የሚያይ ጨረር ባሕሪ ገባ

ዛሬ ባሕሪ ከተማ፣ እኛ ጋራዥ፣ በያጁ ጋሽ ታዬ ገና አሁን የበየደውን የረክሻ (ባጃጅ) አክሰል ራሱ በግራይንደር ቆረጠው።

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ኒውትሮን የሚባል ጨረር አለ። ብረት ዘልቆ ያልፋል፤ ትልልቅ ፋብሪካዎች የብየዳን ውስጥ በሱ ያያሉ» አልኩት።

ማሽኑ ቤት እንደሚያክል አልነገርኩትም። የስልኬን መብራት ጨረሩ አስመስዬ አክሰሉ ላይ አበራሁና «ኧረ ጋሼ!» አልኩ።

«ምን ታየህ?»

«አንተ ታውቀዋለህ።»

ላቡን ጠረገ። «ወላሂ፣ ክፍተቱ ሰፋብኝ። ሽቦ ጠቅጥቄ ላዩን በየድኩት።»

የረክሻው ሾፌር አጠገባችን ነበር። በዚያ አክሰል ሰው ጭኖ ድልድይ ሊሻገር ነበር እኮ! «ያላ፣ በል ቆርጠህ እንደገና!» አለው።

ሌሎቹ በያጆችም ድምፃቸውን አጥፍተው የጠዋት ሥራቸውን መልሰው ቆረጡ።

እናንተስ፣ በሌለ ማሽን ያናዘዛችሁት ሰው አለ? እስቲ አውሩኝ።